ፈቃድ የሌላት አስተያየት ሰጪ

የስልካችንን መስመር ብልሽት ላመለክት አንድ ሐሙስ ጠዋት ወደ መገናኛ መሥሪያ ቤት ጎራ ብል፣ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ፊት ጎረቤቴን ጋሽ አንቴናን አገኘኋቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ጡረታ የወጡ ቴሌግራፈኛ ሲሆኑ፣ ለትርፍ ጊዜ መዝናኛ በተፈቀደው መገናኛ፣ በአማተር ሬዲዮ፣ ከሩቅ ሰው ጋር ሲጨዋወቱ ይውላሉ።

መሥሪያ ቤቱ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ፈተናን ደንብ ሊያሻሽል አስቦ፣ ማንኛውም ሰው አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲያስገባ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ቀነ ገደቡ የዚያን ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ጋሽ አንቴና ደንቡ ፈጽሞ እንዳይነካ የሚል ሦስት ገጽ ጽፈው መጥተዋል።

ከፊታቸው ነጭ በትር የያዘች ወጣት ቆማለች። ዓይነ ስውርና የሆስፒታል ስልክ ኦፐሬተር መሆኗን ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ስትናገር ሰማን። ተፈታኝ ሁሉ የሬዲዮን የውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ማለትም ሰርኪቱን፣ በወረቀት ላይ እንዲሥል የሚያስገድደው አንቀጽ እንዲለወጥ ነበር የጻፈችው።

«የፈቃድ ቁጥርሽ ስንት ነው ልጄ?» አሉ ጋሽ አንቴና ጣልቃ ገብተው።

«ፈቃድ የለኝም አባቴ።»

«ታዲያ ምን አገባሽ? አትቀየሚኝና ይሄ የባለፈቃዶች ጉዳይ ነው።»

ወደ ድምፃቸው ዞራ ፈገግ አለች። «ፈቃድ ያጣሁት በደንቡ ምክንያት ነው። ደንቡ ይሻሻል ስል ደግሞ ፈቃድ ስለሌለሽ ዝም በይ ይሉኛል። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ በየት በኩል ልግባ?»

ሠራተኛዋ ሳቋን ለመደበቅ ማኅተሟን መወልወል ጀመረች።

ጋሽ አንቴና ግን በዋዛ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ጨዋታ እኮ አይደለም። ሬዲዮ በአግባቡ ካልተያዘ የአውሮፕላን መገናኛ ይረብሻል፤ ኤሌክትሪኩም ሰው ይገድላል። ለመጣው ሁሉ በሩን ወለል አድርገን እንክፈት?»

«ፈተናው ይቅለል አላልኩም። እውቀቴን እንደማንም ሰው ይፈትኑኝ። ብቻ ሰርኪቱን በቃሌ ላስረዳ፣ ወይም ዕቃውን በእጄ ገጣጥሜ ላሳይ።»

«ሳታዪ?»

«በጆሮዬ እኮ በየቀኑ በሬዲዮ አገኝዎታለሁ፤ ለማዳመጥ ፈቃድ የጠየቀኝ የለም። ከሰኞ ጀምሮ ከንግግርዎ ሥር እንደ ንብ እምም የሚል ድምፅ አለ። ኤሌክትሪኩን የሚያጣራው ዕቃ፣ ካፓሲተሩ፣ ሳይደክም አይቀርም።»

ጋሽ አንቴና ክው አሉ። መሣሪያቸው ምን እንደሆነ ጠፍቷቸው ሳምንቱን ሙሉ ሲፈቱ ሲገጥሙ ነው የከረሙት። «ጓደኞቼ ግን ድምፅህ ጥሩ ነው ይሉኛል!»

«ይሉኝታ ይዟቸው ነዋ።»

እኔም አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ እኔም ፈቃድ የለኝም። ነገር ግን ዜና ልሰማ በተቀመጥኩ ቁጥር ከቴሌቪዥኔ የሚወጣው የእርስዎ ሰላምታ ነው። አየሩ የጋራችን ከሆነ፣ ደንቡ የሚነካን ሁሉ ብንናገር ምን ይጎዳል? መዝነው የሚወስኑት ባለሙያዎቹ ናቸው፤ ያልሰሙትን ግን እንዴት ይመዝኑታል?»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈቃድ አልነበረኝማ!»

በሳቅ ፈነዱ። ከዚያም ሁለቱን ገጽ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና የሦስተኛውን ፊት ሰርዘው በጀርባው ላይ ጻፉ፦ «የፈተናው ክብደት እንዳለ ሆኖ፣ በቃልና በእጅ መፈተንም ይፈቀድ።» ሠራተኛዋ በልጅቷም በእሳቸውም ወረቀት ላይ ማኅተም መታች፤ ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ አዲሱ ደንብ ወጣ። ልጅቷ ፈተናውን አለፈች። ፈታኞቹም በወረቀት አሳምረው ከሚሥሉት መካከል ብዙዎቹ ዕቃው ሲሰጣቸው እንደሚደናገሩ ስላዩ፣ የእጁን ፈተና ፈቃድ ለሚያሳድሱም ጭምር ግዴታ አደረጉት። ጋሽ አንቴና ሊያሳድሱ ሄደው አንዷን ዕቃ ገልብጠው ገጠሙና «ከወር በኋላ ይመለሱ» ተባሉ! ወሩን ሙሉ ያለማመደቻቸው ያቺው ልጅ ናት፤ ዓይናቸውን በመሐረብ አስራ።

አሁን በከተማችን አሥራ አንድ አዳዲስ ባለፈቃዶች አሉ። የስልክ መስመር ሲቋረጥ ሆስፒታሉ ሩቅ ካሉ ጤና ጣቢያዎች ጋር የሚገናኘው በእነሱ በኩል ነው። ደንቡም አልላላም፤ እንዲያውም ጠብቋል። ይህ ሁሉ የተገኘው የሚመለከተው ሰው እንዲናገር ስለተፈቀደለት ነው።

ሰሞኑን መሥሪያ ቤቱ ስለ አማተር ሬዲዮ ማሰራጫ ሰዓት አስተያየት የሚጠይቅ ሌላ ማስታወቂያ አወጣ። ጋሽ አንቴና ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው በየጎረቤቱ በር እያንኳኩ ነው።

«እኔን የምትቃወሙ ካላችሁ ቶሎ ጻፉ» ይላሉ፤ «ቀኑ እያለቀ ነው!»