አርባ ቀን ወንዝ አትሻገር

— ሄሎ! … ሄሎ፣ ማነው? … ማርያማዊት! የወንድሜ ልጅ! እሰይ፣ እንዴት ነሽ? … ቆይ ቆይ፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል። ጓሮ ካቡ ላይ ልውጣ፣ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ነው። … ይኸው ወጣሁ። አሁን ትሰሚኛለሽ? … ጎሽ።

— ሳሉ ተወሽ? ያን የላክሁልሽን ጦስኝ አፍልተሽ ጠጣሽው ወይስ መደርደሪያ ላይ ሰቅለሽ ታዪዋለሽ? … አንድ ጊዜ? አንድ ጊዜማ ምን ያደርግልሻል! ጠዋት ማታ ነው፣ ማር ጠብ እያደረግሽ። ነርስ ሆነሽ ሌላውን ስትወጊ ትውያለሽ፣ ለራስሽ ግን … እ?

— ማን ነገረሽ? … ጠጄ? አዬ ጠጄ! መሐል ሜዳ ገበያ የወጣችው በግ ልትሸጥ ነው ወይስ ወሬ? … አዎ፣ ውሻ ነክሶታል። አጎትሽን ተክለጻድቅን፣ ባቱ ላይ። … የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። በጎቹን ሊያስወጣ ጋጣውን ሲከፍት፣ ውሻው ገብቶ አንዷን በግ ሲያንገላታ አገኘው። ላስለቅቅ ሲል እሱንም ነከሰው። … የማን እንደሆነማ ማን ያውቃል፣ መንገደኛ ውሻ ነው። ጎረቤት ተጯጩሆ በዱላ ገደለው።

— በሳሙናማ አላጠብኩትም። አረቄ አፈሰስኩበት፣ ፌጦ ወቅጬ አሰርኩለት። … ሃያ አምስት። … ሃያ አምስት ቀኑ ነው አልኩሽ፣ ዛሬ ሥላሴ አይደል? … አትጩኺብኝ እንጂ! ብነግርሽ ምን ልታደርጊ ነበር? መድኃኒቱን ሰጥቼዋለሁ። የአያትሽን። … አዎ፣ ያንኑ ሥር። በገዛ እጄ ቆፍሬ፣ ቀጥቅጬ፣ በወተት በጥብጬ፣ በባዶ ሆዱ አጠጣሁት።

— ስሚ፣ አንቺ ልጅ። አያትሽ በዚህ ሥር ስንቱን አዳነ! ከራቤል ድረስ ይመጡ ነበር፣ ውሻ የነከሰው ሁሉ። እኔ አክስትሽ ጥሩሸዋ፣ የትምህርት ቤት ደጁን ረግጬ ተመልሻለሁ፣ ሥሩን ግን አውቀዋለሁ። ሊሞት ሲል በጆሮዬ የነገረው ለኔ ነው፣ ላባትሽ አይደለም። … ይናገር፣ አባትሽ ምን ጊዜም ይናገራል።

— መምጣትማ አይችልም። … ለምን ማለት ምን ማለት ነው? ወንዙስ? … አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም። ወንዝ ከተሻገረ መድኃኒቱ ይፈርሳል። የአያትሽ የልጅ ልጅ ሆነሽ ይሄ ይጠፋሻል? አስራ አምስት ቀን ነው የቀረው። ከዚያ ወዲያ እንኳን መሐል ሜዳ፣ ደብረ ብርሃን ውሰጂው።

— አትሳቂብኝ። … እ? … እያለቀስሽ ነው እንዴ?

— ስሚኝማ፣ እኔ ዝም ብዬ አልለፈልፍም፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው። በጓም ተነክሳ የለ? እሷንም ከዚያው መድኃኒት አጠጣናት። ደህና ከረመች፣ ትበላለች፣ ታጠባለች። ባለፈው ሰኞ ወንዙን ተሻግራ ሄደች። ማክሰኞ ሞተች። … አዎ፣ ሞተች። ለሀጯ እየተዝረበረበ፣ ድንጋይ እየነከሰች … ቀበርናት እንጂ፣ ማን ደፍሮ ይበላታል! … እንግዲህ አየሽ? ባትሻገር አትሞትም ነበር። አጎትሽም ይሄን ካየ ወዲያ ወንዙ ዳር ድርሽ አይልም።

— እ? … ቀስ በይ፣ አልገባኝም። … መጀመሪያ ምን? … መቼ ነው ያበደችው ማለትሽ … ከተሻገረች በኋላ ነዋ! … እንዴ፣ ነግሬሽ የለ …

— ቆይ እስቲ።

— ሰኞ ጠዋት ሣሩን አልነካችም። … አዎ፣ ገና ከመውጣታቸው። ግልገሏ ሊጠባ ሲጠጋ ደፋችው። የገዛ ግልገሏን። ከዚያ ከመንጋው ተነጥላ ሽው አለች፣ ቁልቁል። … በግ እኮ ብቻዋን አትሄድም፣ ማርያማዊት። አንዷ ካልገባች ሌላዋ አትገባም፣ ውሃ አፋፍ ላይ ስንገፋቸው ነው የምንውለው።

— አብዳ ነው የተሻገረችው።

— … አለሁ። አለሁ፣ እሰማሻለሁ።

— እና እነዚያ አያትሽ ያዳናቸውስ? … ሁሉም? … እንግዲያ ጤነኛ ውሻ ነው የነከሳቸው በይኛ! ጤነኛ ውሻ ነክሷቸው፣ እኛ አዳንን ስንል … የሞቱትን ደግሞ ወንዝ ተሻግረው ነው ስንል … እግዚኦ! … ተይ፣ አታጽናኚኝ። ማጽናናቱን ተይውና ምን ላድርግ፣ እሱን ንገሪኝ።

— የእብድ ውሻ መርፌው አስራ አራት ነው ይሉ የለም፣ ሆድ ላይ? … አራት? ክንድ ላይ? … እናንተው ጋ አለ? ታዲያ በመኪናው ሹፌር አትልኪልኝም? … በበረዶ ካልሆነ ይበላሻል? ኧረ በረዶ ከየት … እሺ፣ እሺ። … ዛሬውኑ? የመሐል ሜዳው መኪና ከወንዙ ማዶ ቆሟል፣ ከዚህ ይታየኛል፣ ሰው እየጫነ ነው። አትዝጊ፣ ቆይኝ።

— ተክለጻድቅ! አንተ ተክለጻድቅ! ያን ቀንበር ተወውና ና! … ማርያማዊት ናት። ጫማህን አድርግ፣ መሐል ሜዳ እንሄዳለን። … አዎ፣ በወንዙ! … እኔ ነኝ ያልኩህ፣ ማን ካደ! አሁንም እኔው ነኝ ተሻገር የምልህ! … ተሳስቼ ነዋ!

— ሄሎ፣ ሰማሽው? «ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ተሳሳትኩ ብለሽ አታውቂም፣ ዛሬ እንዴት ልመንሽ» ይለኛል። ይስቃል እኮ። … እንካ፣ አንተ አናግራት! … ስልኩን አይዝም። «ልጅቱ አስፈራርታሻለች» ነው የሚለው። … የበጓን ነገር ነገርኩት እንጂ! «በጓማ ተሻግራ ሞተች፣ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ» አለኝ። ቃሌን አንድ ሳያጎድል መልሶ ይሰጠኛል። … በምን ልለምነው? ያኔ እንዳይሻገር ያስማልኩት በሥላሴ ነው። አሁን በማን ልለምነው?

— ቆይ … ምን ትላለህ? … በምንጩ በኩል? … በምንጩ ዞሬ ልሂድልሽ ይላል። ወንዙ ከሚፈልቅበት በላይ አልፎ። ያኔ ዞረ እንጂ ተሻገረ አይባልም፣ መሐላውም አይፈርስም። … ግማሽ ቀን ነው ልጄ፣ ያውም ዳገት። ከዚያ ቀየት ከተማ ወጥቶ መኪና ካገኘ … ነገ እናንተ ጋ ይደርሳል። … እሺ ማለቱም ትልቅ ነገር ነው፣ አታውቂውም አንቺ።

— ምኑን? … ቁስሉማ ድኗል፣ ጠባሳ ሆኗል። … እሺ፣ ልጠይቀው። ተክለጻድቅ! የተነከስክበት ምን ይልሃል ትላለች!

— ይነዝረኛል ይላል። … ከትናንት በስቲያ ጀምሮ። ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል አለ፣ ወደ ጭኑ ሽቅብ። መድኃኒቱ እየሠራ ነው ብሎ ዝም አለኝ እንጂ … ሲድን ያሳክክ የለ? … ማርያማዊት?

— ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? … ተቋረጠ እንዴ? … አለሽ? ታዲያ ንዝረቱ ምንድን ነው?

— ንገሪኝ። … «ብቻ አምጪው» አትበዪኝ፣ ንገሪኝ። …

— እሺ። … በሽታው ጀምሮታል፣ ነገ ቢደርስ መርፌውም ላያድነው ይችላል አልሽኝ፣ እሺ። አታልቅሺ፣ እንዲህ ሆነሽ ነው ሰው የምታክሚው? … በምንጩ አይሆንም፣ ገባኝ፣ ገባኝ። …

— ተክለጻድቅ! ወዴት ነው? በዚህ! በዚህ በኩል ና! … ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ ነው፣ አንተ ሰውዬ!

— ሽቅብ ያዘ። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ይዞ። «ላንቺ ደስ ይበልሽ ብዬ ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ» ይለኛል፣ ዞር ብሎ እንኳን ሳያየኝ። …

— መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። … እንዴት አድርጌ አስቆመዋለሁ፣ ሰው የለ፣ ሁሉም ሥላሴ ደጅ ነው። … ልሸከመው? ያን የሚያህል ሰው? … ቢሆንማ በጀርባዬ አዝዬ ባሻገርኩት። የሚያስኬደው የገዛ ቃሌ ነው፣ ልጄ፣ ምን ብዬ ልንጠቀው። …

— ሄደ መኪናው። … አዎ፣ ሄደ። … እኔማ ብቻዬን ብሻገር ለማን መርፌ ላስወጋ ነው? … በይ ዝጊው። ዳገቱ ላይ ሳልደርስበት እንዳይሰወርብኝ። ልከተለው፣ ዝጊው።