ፍሬን የሌላት ብስክሌት

ምን ገጠመኝ መሰላችሁ! የወንድሜ ብስክሌት ፍሬን አልነበራትም፤ ለመቆም የኋላ ጎማዋን በጫማችን እንረግጥ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፤ ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ በላይ፣ ወንዙን ተከትሎ በሚሄደው ሜዳ መንገድ ላይ በባሕር ዛፉ መሀል እየበረርኩ ነው። ድንገት "ቁሚ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደኑን የሚጠብቀው የቀበሌ ታጣቂ ጠመንጃ ደግኖብኛል! ጎማውን ረገጥኩት፤ ጠጠሩ ተንጫጫ፤ አፍንጫው ሥር ደርሼ ቆምኩ።

"ቁሚ ስትባዪ ለምን አልቆምሽም?"

"ጋሼ፣ ፍሬን የላትም እኮ!"

አሁን አለቀልኝ ስል ዓይኑ ብስክሌቷ ላይ ተተክሎ ቀረ። "እስቲ ይቺን ያዢልኝ" ብሎ ጠመንጃውን አስታቀፈኝና ወጣባት! "በይ ግፊኝ" አለኝ፤ ገፋሁት። በሳቅ እየተንከተከተ ከነፈ! እንዴት እንደምትቆም መች ነገርኩት? "ጋሼ፣ ጎማውን በጫማዎ ይርገጡት!" እያልኩ ከኋላው ሮጥኩ። ማን ሰምቶኝ! ከፊቱ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ብቅ ሲሉማ በድንጋጤ አንቱታውም ጠፋብኝ፤ "ኧረ ቁም! ቁም!" እያልኩ ጮህኩ።

ሴቶቹ ያዩት ታጣቂው ሲሸሽ፣ እኔ ጠመንጃ ይዤ ሳባርረው ነው። ሸክማቸውን ወርውረው እጃቸውን ወደ ላይ! "ልጄ፣ የረገፈውን ብቻ ነው የለቀምነው!" አሉ አንዷ እናት።

ታጣቂው ከነብስክሌቷ የቅጠሉ ክምር ውስጥ ተሰነቀረ። ሞተ ብዬ ስጠጋ ራሱን ብቅ አደረገና አፉ የገባውን ቅጠል እንትፍ እያለ፣ "በይ ነይ፣ እንደገና ግፊኝ!" አይለኝም?