የአልማዝ ጋርዲኒያና የምድጃ አመድ

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ወንድ ልጅ አበባ ሲያጠጣ ከታየ የሰፈር መሳቂያ ነበር። «ሰውየው ሊዳር ነው እንዴ?» ይባላል። እና እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አጥር ሳጥር፣ እንሰት ስተክል ኖርኩ እንጂ አበባ የሚባል አላውቅም። እሱ የባለቤቴ የአልማዝ ሥራ ነው። ጋርዲኒያ ነበረቻት፣ በረንዳው ላይ፣ ነጭ፣ ሲመሽ ሽታዋ እስከ አስፋልቱ የሚደርስ። ውሃዋ እንኳ የዝናብ ውሃ ነው። «የቧንቧ ያገረጣታል» ትላለች፤ እና ማንንም አታስነካም።

ታዲያ አልማዝ ሆዷን ታመመችና ሐዋሳ ቢወስዷት ዕጢ አለ፣ ይውጣ አሏት። ለዚሁ ተመልሳ ስትሄድ መኪና ውስጥ ገብታ፣ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ምን አለችኝ መሰለሽ? «ራስህን ጠብቅ» አላለችም። «ጸልይልኝ» አላለችም። «አንተ፣ ጋርዲኒያዬ እንቡጥ ይዛለች፣ አደራ!» አለችኝ። አደራ! እስቲ አሁን ይሄ ለፈሪ ሰው ይባላል? አበባዋ ደህና ከሆነች አልማዝም ደህና ናት የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ይቆጡኛል፤ ግን ገባ፣ ምን ላድርግ?

እና ታላቅ እህቴ አየለች «ብቻህን ምን ትበላለህ?» ብላ ከገሱባ መጣች። ደግ ናት፤ እጇ ግን አያርፍም። እሷ በመጣች በሰሞኑ ቅጠሉ ቢጫ ይል ጀመር፣ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ቀረ። እንቡጡም ሳይፈታ ጠብ፣ ደግሞ ጠብ። ጎንበስ ብዬ አፈሩን ባየው ግራጫ ነው።

«አየለች፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አመድ ነዋ!»

«አመድ?»

«እንሰት በምን የሚያድግ ይመስልሃል? በየማለዳው ከምድጃ እያወጣሁ አበላታለሁ። አንተ እኮ ውሃ ብቻ እያጠጣህ አስርበሃት ነበር!»

አመንኳት። እናታችንም እንሰቱን ያሳደገችው በአመድ ነው።

ታዲያ ነገ ኦፕራሲዮን ነው በተባለ ዕለት ልጃችን ትዕግሥት ከሐዋሳ ደወለች። «አባዬ፣ እማዬ አበባዬን ልያት እያለች ነው። ፎቶ አንሳና ላክልን።»  አየለች ደግሞ በጎን፣ «የጎረቤቱን አበባ አንስተህ ላክ፣ ሁሉም ነጭ ነው!» ትለኛለች። አልዋሽሽም፣ ሄድኩ፤ ጎረቤቴ በር ድረስ ሄድኩ። ከዚያ አልማዝ እኮ እያንዳንዷን ቅጠል ታውቃለች አልኩና ተመለስኩ። የራሷኑ፣ ቢጫዋን፣ አንስቼ ላክሁላት። እና ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ መልስ የለም። ደውዬ ትዕግሥትን ብጠይቃት «አየችውና ዝም አለች» አለችኝ። ዝም አለች! አልማዝ! በገዛ እጄ የገደልኳት መሰለኝ። 

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ ተባለ። ግን የወጣው ዕጢ ለምርመራ ተልኮ ነበር፤ ክፉ ይሁን ደግ ገና አልታወቀም። እና የመጣች ዕለት እኔ በር ላይ ቆሜ ፊቷን ማየት ፈራሁ። ከባጃጅ ወረደች፤ ከስታለች፣ ቀሚሷ ሰፍቷታል። እኔን ሳመችኝ? የለም! በቀጥታ ወደ በረንዳው። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው አፈሩን ጫር ጫር አደረገችና፣

«ማነው አመድ የደፋባት?»

አየለች ኮራ ብላ «እኔ ነኝ» አለች።

«እንሰት መሰለችሽ?»

«ታዲያ ተክል አይደለችም?»

«ይቺ አመድ አይስማማትም፣ አየለች! ያቃጥላታል!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ «አንተስ ምን ትገተራለህ? አፈሩን እንቀይርላታለን። ዘንድሮስ አልሆነላትም፤ ለከርሞ ታብባለች።»

ሰማሽ ልጄ? ለከርሞ አለች! ውጤት ሳይመጣ፣ ሐኪም ሳይናገር፣ እኔ ነገን ስፈራ፣ እሷ ከርሞን ቀጠረች። እዚያው ደረጃው ላይ ዘፍ አልኩ።

አየለች ደንግጣ «ኧረ ወንድሜን ምን ነካው?» ስትል፣ አልማዝ ዞር ብላም ሳታየኝ ምን አለች መሰለሽ?

«ምንም አይደል፤ እሱን አመድ አብዪው!»