ጂኑ ወደ እግሩ ወረደ

ከሸዋ በር በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣት እናት ለአንዲት አሮጊት ታወራለች።

«ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ በልጄ ጆሮ የሚያንሾካሹኩት ድምፆች ጠፉ፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ግን መቀመጥ አቃተው። ሲመላለስ ምንጣፉን ጨረሰው።»

«በዚህ እርምጃው ይኼኔ ሶፊ ከተማ ደርሶ ይመለስ ነበር።»

«አይሳቁብኝ፣ እማማ! ጎረቤቶቼ ‹ጂኑ ወደ እግሩ ወረደ› ሲሉኝ ክኒኑን ደበቅኩት።»

«ምን ጂን አለ! መድኃኒቱ ነው የሚያቅበጠብጠው። የኔንም ልጅ እንዲሁ አድርጎት ነበር።»

«አስቆሙት?»

«ባስቆመው ድምፆቹ ተመለሱበት። ኋላ ሐኪሙ መጠኑን ሲቀንሱለት እግሩም አረፈ። ዛሬውኑ ሄደሽ ንገሪያቸው።»

«መደበቄን ሰምተው ቢቆጡኝስ?»

«ይቆጡሽ! ቁጣ ያልፋል።»

«ወላሂ እውነትዎን ነው። ሾፌር፣ ሐኪም ቤቱ ጋ ወራጅ አለ!»

እኔም ለልጄ ሳልሰጠው በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩትን ክኒን ጨበጥ አድርጌ፣ በልቤ «ተመስገን» ብዬ ተከትያት ወረድኩ።