ሰፌድ ሙሉ ስልክ

ወአለይኩም ሰላም ሲሃሜ! ነይ፣ ነይ ወደ ጥላው ግቢ፤ የሮቢት ፀሐይ ዛሬ ሰው አትለይም። ደህና ነሽ? ልጆቹስ? ፈይሰል ከሪያድ ደወለ? አልሃምዱሊላህ። ሽንኩርቱን አነሳችሁ ወይስ ገና ነው? እኔማ እንደምታዪኝ ማንጎዬ ላይ ነኝ። አውቶቡስ ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ ማንጎዬን አንድ በአንድ ይጨምቃል፣ ከዚያ ከጎኔ ሙዝ ገዝቶ ይሄዳል። ምን ይደረግ... ሰው እኮ የሚመርጠውን ሲነካካ አይደለም የሚታወቀው፤ መጨረሻ ላይ ያነሳውን ስታዪ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎም ጠጋ ይበሉ እንጂ! ያ በቆዳ ከቨር የያዙት ዕቃ ፀሐይ አይወድም መሰለኝ። ባጃጅዎ እስኪመጣ ሻይዎን እዚሁ ይጠጡ፤ ጥላው የርስዎ ነው። እኛ የሴት ወሬ ነው የምናወራው፤ ጆሮዎን አያስቸግርዎትም።

ምን አልሽኝ ሲሃሜ? ታብሌት? ስለ ታብሌት እኔን ራህመትን ትጠይቂኛለሽ? ገባኝ፣ ገባኝ... ለልጅሽ ለኑርሃን ኒካህ ነው። አባቷ ሪያድ ሆኖ በቀጥታ እንዲያይ። ማሻአላህ፣ ጥሩ አስበሻል። የትኛው ይሻላል፣ በየትኛው ላይ አፑ ይጫናል፣ የትኛው እምቢ ይላል... ይሄ ዐዋቂ ይፈልጋል። ዐዋቂ ደግሞ በከተማችን መች ጠፋ? አንድ ደግ ሰው አለልሽ። ስሙን አልጠራም፤ በጎ የሠራን ሰው በአደባባይ ከጠሩት ምንዳው ይቀንስበታል። የነጅሙዲን ወንድም ነው ብዬ ብቻ ልለፈው። ነጅሙዲን ያለው ወንድም አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ... እኔ ነኝ እንዴ የወለድኳቸው?

ነጅሙዲንን ታውቂዋለሽ፤ ጅዳ ሹፌር የሆነው፣ የሙሀባ ባል። ልጁ ሪሀና ጥርስ ስታወጣ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲያ በስልክ አሳደጋት ማለት ይቻላል። ያ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳ አለ አይደል? ከመግሪብ በኋላ የአባቷ ፊት ከስንጥቁ ማዶ ብቅ ይላል። እሷ የዋለችበትን ትነግረዋለች፣ እሱ የሠራውን ሩዝ ያሳያታል፣ እሷ ጨው አነሰው ትለዋለች። ከዚህ ማዶ ሆና ጨው አነሰው! እሱም እሺ ብሎ ይጨምራል።

ከካራቆሬ ሽማግሌ ሲመጣላት አባትየው አንድ ነገር ብቻ ለመነ። «ልጄን የምድራት ወሊዋ እኔ ነኝ። በእግሬ ባልመጣም ሼኹ ፊቴን እያዩ፣ ድምፄን እየሰሙ፣ በራሴ አፍ ልዳራት።» ሼኹም ፊቱ እየታየ ከሆነ ይሁን አሉ። ወርቁን የላከ እሱ፣ በሬውን የገዛ እሱ፣ ድንኳኑን ያስተከለ እሱ። የጠየቀው አንዲት ቃል መናገር ነበር ሲሃሜ። አንዲት ቃል።

ታዲያ ያ ደግ ሰው ዝም ይበል? «የወንድሜ ፊት በተሰነጠቀ ስልክ ተሰንጥቆ ይታይ?» ብሎ ተቆጣ። አየሽ ፍቅር? ታብሌት መግዛቱን በራሱ ላይ ወሰደ። በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ደብረ ብርሃን ወጣ፣ አዲስ አበባ ድረስ ዘለቀ። አንዱ ቀለለው፣ አንዱ ከበደው፣ አንዱ ስሙ አልጣመውም። እንደ ሙክት ጀርባውን እየዳበሰ፣ «ካሜራው እንዴት ነው? ስክሪኑስ? ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል?» ይላል አሉ። ሚስቱን ሲያጭ የዚህን ግማሽ ቢጠይቅ ኖሮ... አስተግፊሩላህ! እሷስ ብትጠይቅ ኖሮ ልበል እንጂ፤ ምስኪን።

ዞሮ ዞሮ የገዛው እዚሁ፣ መናኸሪያው አጠገብ ከቢኒያም ሞባይል ቤት ነው። ቢኒያም ደግሞ ደንበኛዬ ነው፤ ማንጎ ሲበላ አፉ አይዘጋም። «ሁለት ታብሌት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላቸው» አለኝ። «ጋሼ፣ ይሄ መልኩ አዲስ ነው እንጂ ሲስተሙ አሮጌ ነው። ወንድምዎ የሚያዩበትን አፕ አይቀበልም። ኳስ የሚያሳየውን ግን ይጭናል። ያኛው ሁሉንም ይጭናል፤ ዋጋቸው አንድ ነው። ለኒካሁ ከሆነ ያንን ይውሰዱ አልኳቸው» አለኝ። ደጋግሞ ነግሮታል። ደጉ ሰውም ሁለቱን በሁለት እጁ ያዘ፣ መዘነ፣ አሰበ... እና የማይቀበለውን አነሳ። ምን ይባላል? ሰው ይሳሳታል። ተነግሮትም ከተሳሳተ ደግሞ ጆሮው ይሆናል። ቆላ ጆሮ ይደፍናል እኮ... አይደል ጋሼ? ይቅርታ፣ የሆነ ነገር ያሉ መስሎኝ ነው።

ኋላማ የኒካሁ ዕለት ደረሰ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነበር የጥንቱ፤ እዚያ ቤት ሰርገኛ መጣ አፕ ጫኑ ሆነ። የካራቆሬዎቹ በሚኒባስ ተጭነው መጡ። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ከሼኹ ጋር፣ ሴቶቹ ጓዳ ከሪሀና ጋር። እኔ የጓዳው በር ላይ ነበርኩ፤ ሁሉን በዓይኔ አይቻለሁ። ደጉ ሰው ታብሌቱን ከፍ አድርጎ ቆመና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኔትወርኩን አትሻሙብኝ! የሁሉም ስልክ ይሰብሰብ። አንድ ስልክ ከተነሳ የወንድሜ መስመር ይቋረጣል!»

ሰፌድ አስመጣ። ወላሂ፣ ሰፌድ! ማሾ የምናበጥርበትን ሰፌድ። ከሙሽራው አባት ጀምሮ ስልክ እንደ ማሾ ተቆለለበት። የሙሀባ ስልክ ገባ፣ የኔም ገባ፣ የሪሀና ስንጥቁም ገባ። ሰው ሁሉ አመነው። ለወንድሙ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው እንዴት አይታመንም? ሰፌዱ ተሸፍኖ እኛ ጓዳ ተቀመጠ።

ከዚያ ታብሌቱን ነካካው። ታብሌቱም እንደ ታማኝ ሎሌ ቢኒያም የነገረውን ደገመለት፤ በእንግሊዝኛ «በዚህ መሣሪያ ላይ አይሠራም» አለው አሉ። ደጉ ሰው ለሼኹ ሲያስተረጉም ግን ምን አላቸው መሰለሽ? «ወንድሜ ጋ ኔትወርክ የለም።» ጅዳ ኔትወርክ ጠፋ፣ ሸዋ ሮቢት ሞልቶ ፈሰሰ! አላህ ያሻውን ያደርጋል፤ አስተርጓሚም ያሻውን ያደርጋል።

ይሄኔ ጓዳ ውስጥ ሰፌዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

አንዱ ስልክ ያንዘረዝርና ያቆማል፤ ሌላው ይቀጥላል። ሙሀባ ጨርቁን ገለጥ ስታደርግ የራሷ ስልክ በርቶ የነጅሙዲን ፎቶ ይታያል። እሱ ነው የሚደውለው። የሁላችንንም እየሞከረ ነው፤ ያልሞከረው ሰው የለም። ሪሀና ከመሸፈኛዋ ስር እጇን ዘረጋች። ሴቶቹ እጇን ያዙ። «ተይ! ተይ ልጄ! አባትሽን ታቋርጪዋለሽ!» ይሏታል። አየሽ ደግነቱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ? አባቷ እንዳይቋረጥ ብለው አባቷን አላነሱለትም።

ድንኳን ውስጥ ደግሞ ደጉ ሰው ሰዓቱን ያያል። «እንግዶቹ የሩቅ ናቸው፤ ፀሐዩ ከረረ። ወንድሜ ካልተገኘ ያው... ከኔ የቀረበ ማን አላት?» አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እሱ ግን ለወንድሙ ሲል ዕፍረትንም ቻለ። ምስክሮቹ ጓዳው በር ድረስ መጥተው «ሪሀና፣ አጎትሽ ይዳርሽ ወይ?» አሏት። ዝም አለች። የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው አሉና ተመለሱ። ሸሪዓውን አልነካም፣ አላህ ይጠብቀኝ። ግን ዝም አይነቅዝም የሚሉት ነገር... ያን ቀን ዝምታ ሲነቅዝ አየሁ። ልጅቷ ጥያቄውንም የሰማች አይመስለኝም። ዓይኗን ሰፌዱ ላይ ተክላ፣ ቀጥሎ የሚበራውን ስልክ እየጠበቀች ነበር።

ደጉ ሰው ከወሊው ቦታ ተቀመጠ። ድንገት የመጣበት ሰው መሆኑን አትርሺ። ግን ድንገት አዲስ ጀለቢያ ለብሷል፣ ድንገት ሽቶ ተቀብቷል፣ ድንገት ጢሙን ተስተካክሏል። ፋቲሃ ሲቀራ እንኳ ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ባጃጅ የሚንገጫገጭ ሰው፣ የወሊን ቃል በዐረብኛው አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ አንቆረቆረው! አላህ ለወደደው ሳይለማመድ ይሰጠዋል። በግቢያቸው የሚያልፉ ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ ከሽንት ቤቱ ዐረብኛ ይሰማ ነበር ይላሉ... እኔ አላምንም። እዚያ ቦታ እንዲህ ያለ ቃል አይነሳም፤ እሱ ደግሞ አላህን የሚፈራ ሰው ነው።

ሰው ክፉ ነው ሲሃሜ፣ ያወራል። እኔ ግን አዝንለታለሁ። አስቢው እስቲ፤ ዕድሜውን ሙሉ የነጅሙዲን ወንድም ሲባል መኖር። ቤቱን ነጅሙዲን ሠራለት፣ ሚስቱን ነጅሙዲን ዳረለት፤ ለሶላት ሲሰለፍ እንኳ ሰው «ነጅሙዲን ደህና ነው?» እያለ ነው ሰላም የሚለው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። አንዲት ደቂቃ ከፊት ቢቀመጥ፣ የሙሽራውን እጅ ቢይዝ፣ ፎቶ ቢነሳ ምን አለበት? ዋጋውን የከፈለው እንደሁ ሌላ ሰው ነው፤ እሱ መች ከስሮ ያውቃል?

ደግሞ ታብሌቱን እንዳታሚው። ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ እዚያው ድንኳን ውስጥ ኳስ ከፈተበት። ወላሂ፣ የተጫዋቹ ላብ ሲንጠባጠብ ይታያል! ኔትወርኩም አልተሻማም፤ የሰው ሁሉ ስልክ በየእጁ ተመልሶ ነበር። ዕቃው ጤነኛ ነው። ማንን ማሳየት እንዳለበት ያውቃል፣ በቃ። ዕቃም እንደ ጌታው ነው።

ኒካሁ እንዳለቀ ሙሀባ ስልኳን ከሰፌዱ አንስታ ስትደውል አጠገቧ ነበርኩ። ነጅሙዲን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። ነጭ ቶብ ለብሷል፣ ጢሙን ሂና ነክሯል፣ የሥራ ጓደኞቹን ሰብስቦ ስልኩን የውኃ ጠርሙስ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ምን ብሎ ጠየቃት መሰለሽ?

«ጀመራችሁ ወይ?»

ሙሀባ ስልኩን ለልጇ ሰጠቻት። ሪሀና ስልኩን ተቀብላ «አባዬ» አለችና ከዚያ በላይ አልሆነላትም። ይሄንንስ ሳላዞር ልንገርሽ፤ አለቀስኩ። የሱስ ነገር ልጅ አለኝ በሮቢት፣ ኒካሗንም አላይ ሆነ። ኒካሁ ማለቁ ሲገባው «ማን ዳራት?» አለ። ነገሩት። «ወንድሜ? አልሃምዱሊላህ። እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው የሚለው። ማንም ሌላ ነገር አልነገረውም፤ ሙሀባም ወንድማማች አላጣላም ብላ ውጣዋለች። እኔም ይኸው ስም አልጠራሁም።

እና አንቺ ታብሌት ግዢ ሲሃሜ፣ ለምን አትገዢም? ቢኒያም ጋ ሂጂና ሳትከፍዪ እዚያው ቆመሽ አፑን አስጭኚ፣ እዚያው ፈይሰል ጋ ደውዪ፣ ፊቱን እዪው። ከዚያ ወደ ቤትሽ። ካልሆነ ስንጥቅ ስልክም ፊት ያሳያል። ደጉን ሰው ግን አደራ፣ አዋሰኝ ብለሽ እንዳታስቸግሪው። ሊሄድ ነው አሉ። ጅዳ! የሹፌርነት ቪዛ መጥቶለታል። ማን ላከለት ትያለሽ? ማን ይልካል... ውለታ የማይረሳ ወንድም አለው እኮ። እሱም ምስኪን የደረሰች ልጁን እዚህ ትቶ ለእንጀራ ሊሰደድ ነው።

እንዴ ጋሼ፣ ተነሱ? ገና ባጃጁ ሳይመጣ? ሻይዎን እንኳ አልጨረሱም። ፀሐይ መታዎት እንዴ፣ ፊትዎ ልክ አይደለም። ታብሌትዎን! ታብሌትዎን ረስተውት ሊሄዱ ነው፤ ይያዙት፣ መንገድ ላይ ኳስ ያሳይዎታል። ቆይ፣ ቆይ፣ ለዚያ ደግ ሰው ዱዓ ሳናደርግማ አንለያይም። ሲሃሜ፣ እጅሽን ዘርጊ።

አላህ በሰላም አስገብቶ በሰላም ያኑረው። የያዘው መሪ ይታዘዝለት፣ የዘራው ይብቀልለት። ልጁም ለወግ ለማዕረግ ትብቃለት። የኒካሗ ቀን ሲደርስ፣ እሱ ማዶ ሆኖ ነጭ ቶቡን ለብሶ፣ ስልኩን አስደግፎ ሲጠብቅ... አላህ እዚህ በቦታው የሚቆምለት፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ ደግ ወንድም አይንሳው።

አሚን ይበሉ እንጂ ጋሼ! ለሰው በተደረገ ዱዓ አሚን ማለት ምን ይከብዳል?