ጦጣዋ የበጠሰችው የመደመሪያ ካርድ

ሐዋሳ፣ ሐይቁ አጠገብ ባለች አንዲት የግል መዋዕለ ሕፃናት፣ የወላጆች ቀን በተከበረ በማግስቱ ጠዋት፤ ዘበኛው ሆጤሶ የትምህርት ቤቷ ባለቤትና ርዕሰ መምህር በሆኑት በወይዘሮ ምንትዋብ ቢሮ በር ላይ ቆሟል።

ሆጤሶ፦ የምነግርዎት ሁሉ እውነት ነው እትዬ። አንዲት ቃል ከዋሸሁ ይኼ ዱላ እጄ ላይ ይድረቅ።

ምንትዋብ፦ ዱላው ድሮም ደረቅ ነው። መምህርቷን ርብቃን ዛሬ ከሥራ ላሰናብታት ነው፣ አንተ ደግሞ ጦጣ ትለኛለህ።

ሆጤሶ፦ ታዲያ ጦጣ ከሆነች ምን ልበላት? የመደመሪያ ካርዶቹ እንዳይጠፉ ብለው በተራ በተራ በክር አሰፍተው ግድግዳ ላይ ያሰቀሉት እርስዎ ነዎት። በበዓሉ ዋዜማ ልጆቹ ሲወጡ ጦጣዋ በመስኮት ገባች። የመክሰስ ፍርፋሪ ፍለጋ ነው። ፍርፋሪ ስታጣ ካርዱን አወረደች፣ እንደ ሐብል አንገቷ ላይ አጠለቀችው፣ ለበዓሉ ክፍል ያስገባነው የእርስዎ ወንበር ላይ ወጥታ እግሯን አነባብራ ተቀመጠች። ከዚያ አንዱን ካርድ አየት፣ ወደ ጣራው ቀና፤ ሌላውን አየት፣ ወደ ጣራው ቀና። እውነቴን ነው፣ በዚያ ወንበር ላይ እንደዚያ ሲያስብ ያየሁት ሰው የለም።

ምንትዋብ፦ አፍህን ያዝ።

ሆጤሶ፦ ይዣለሁ። ብቻ ስጮህባት ደንግጣ ክሩን በጠሰችውና ካርዱ ወለሉን ሞላው። ቲቸር ርብቃ ለቅማ እንደመጣላት ደራረበችው። የልጅቷ ጥፋት ይኸው ነው።

ምንትዋብ፦ ጥፋቷማ በዚያ ሁሉ ወላጅ ፊት እኔን ማዋረዷ ነው። ካርዱን የያዝኩት ራሴ ነበርኩ። ሦስት ሲደመር አራት የሚለውን ገና ወደ ልጆቹ ሳላዞረው ባንድ ድምፅ «ሁለት» አሉ። አንድ ሲደመር አንድ አወጣሁ፣ «ሦስት» ብለው አስተጋቡ። አንዱ አባት ሳቁ አምልጦት ወጣ።

ሆጤሶ፦ እኔ ጋ መጥቶ ነው የጨረሰው። ልጆቹ ግን ምን አጠፉ? ዓመቱን ሙሉ ያው ካርድ፣ በያው ተራ። እኔ ራሴ በር ላይ ቆሜ ይዤዋለሁ። ተኝተው ቢጠይቋቸውም ይመልሱልዎታል፣ ተራውን ካልነኩባቸው።

ምንትዋብ፦ እሱ ቅልጥፍና ይባላል። ሳያስቡ መመለስ። ከአራተኛ ክፍል የተባረረ ሰው አይገባውም።

ሆጤሶ፦ ከሦስተኛ ነው፤ ያለ ማዕረጌ አይሹሙኝ። ሳያስቡ መመለሱንማ ትናንት አየነው። ቲቸር ርብቃ በቆርኪ ልታስተምራቸው ስትሞክር ክፍሉን ግሮሰሪ አስመሰልሽው ብለው በመስኮት አልደፉባትም?

ምንትዋብ፦ ደፋሁት። ደግ አደረግኩ።

ሆጤሶ፦ ልጆቹ ከግቢው ለቅመውታል። ሰርቪስ ሲጠብቁ እኔ ጋ ይጫወቱበታል። ያቺ ጥርሷ የወለቀው ናርዶስ አምስት ቆርኪ አሳየችኝና ጥቂቱን ከጀርባዋ ሸሸገች። እጇ ላይ ሁለት ቀረ። ስንት ሸሸግኩ አለችኝ። ሳመነታ ጊዜ «ሦስት ነዋ ጋሼ ሆጤሶ፣ ምኑ ያስቸግራል» ብላ እንደ እርስዎ ናቀችኝ። እሷን ማን ካርድ አሳያት?

ምንትዋብ፦ ቆርኪ ለማየት ከፍሎ የሚያስመዘግብ ወላጅ የለም። ሰው የሚወደው ልጁ በዝማሬ ሲያንበለብል ነው። ርብቃ ዛሬ ትሄዳለች፣ ለወላጆቹም ጥፋቱ የእሷ እንደነበር እነግራቸዋለሁ። በሩ ላይ የሚንጫጫው ማነው?

ሆጤሶ፦ ወላጆቹ ናቸው። ልጆቻቸውን ሲያደርሱ ሁሉንም አጫውቻቸዋለሁ። ጦጣዋን፣ ክሩን፣ ወንበሩን።

ምንትዋብ፦ ወንበሩንም?

ሆጤሶ፦ ወንበሩን ሁለቴ አስደገሙኝ።

ምንትዋብ፦ አንተ መናጢ። አሁን ሊሳለቁብኝ ነው የቆሙት?

ሆጤሶ፦ ሊያመሰግኑዎት ነው። ያ ሳቁ ያመለጠው አባትማ ታናሽየዋንም ላስመዝግብ ብሎ እጇን ይዞ ቆሟል። እንደዚህ ያለ ደፋር ርዕሰ መምህር አይቼ አላውቅም ይላል።

ምንትዋብ፦ ደፋር? ምን ብለሃቸው ነው?

ሆጤሶ፦ እውነቱን። የፈጠርኩት አንዲት ነገር ብቻ ናት። ካርዱ ሲበተን እርስዎ ቲቸር ርብቃን «ተራውን አትመልሺው፣ የሽምደዳን ነገር ወላጅ በዓይኑ ይይ፤ ከእንግዲህ እንደ አንቺ በቆርኪ ነው የምናስተምረው» አሏት አልኩ። እንግዲህ ቲቸር ርብቃን ከነቆርኪዋ ጠርቼ ላምጣት፣ ወይስ ወጥቼ ያቺን አንዷን ውሸት ላውጣና ጦጣዋን ከነወንበሩ ብቻዋን ልተውላቸው?