የአማቴ ንስሐ

ይህን ለባለቤቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ጎባ ሳስተምር አዲስ ሙሽራ ነበርኩና አማቴን ቀኛዝማችን ቀና ብዬ ማየት አፍር ነበር። ደም ብዛት ነበረባቸው፤ ልባቸውም ይመታባቸዋል። ሐኪሙ የልብ ምት የሚያረጋጋ ፕሮፕራኖሎል የሚባል ኪኒን አዘዘላቸውና «ጠዋትና ማታ ይዋጡ፤ በድንገት ካቋረጡት አደጋ አለው» አላቸው። ሁዳዴ ሲገባ ግን የጠዋቱን ተዉት። ባለቤቴ ቢለምናቸው «በኪኒን ጾሜን ልግደፍ?» ብለው አፉን አስያዙት። ብዙም ሳይቆይ ከቤት እስከ አጥሩ በር ሲሄዱ እንኳ ደረታቸውን እየያዙ ይቆሙ ጀመር።

እኔ እፊታቸው መናገር አልደፈርኩም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ነጠላዬን ተከናንቤ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። አባ ጺማቸውን እያሻሹ ሰሙኝና «እሱ ምክር አይሰማም፤ ንስሐ ግን ይፈራል። አንቺ እዚህ አልመጣሽም፤ ሂጂ ልጄ» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባ እቤት መጡ። «ቀኛዝማች፣ ሐኪም የነገረህን ንቀህ በገዛ ነፍስህ ፈርደሃል፤ ይህ ኃጢአት ነው። ንስሐህ ኪኒንህን ጠዋት ጠዋት መዋጥ ነው።»

«ስግደትስ አባ?» አሉ አማቴ።

«ስግደት ለጤነኛ ነው፤ አንተ ዋጥ።»

አማቴ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ።

ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ ልባቸውን አዳምጦ «መድኃኒቱን ስላላቋረጡ ደስ ብሎኛል» ቢላቸው፣ «የምን መድኃኒት? እኔ ንስሐዬን ነው የምውጠው፤ የንስሐ አባቴ ሳይፈቱኝ አልተውም» አሉት። አባም ሳይፈቷቸው አረፉ፤ አማቴም ጠዋት ጠዋት መዋጣቸውን አላቋረጡም።